ዘግይቶ የሚደርስ ጋዜጣ

ሐረር የሚደርሰን የአዲስ አበባ ጋዜጣ ትኩስ አይደለም። ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ፣ የጨርጨርን ተራሮች ዞሮ፣ ቁልቢን አልፎ ወደ ግንቡ ከተማ ጀጎል እስኪገባ ወሬው በሬዲዮና በስልክ ቀድሞት ተዳርሷል። በኤረር በር ገበያ የሹመቱም፣ የዋጋ ጭማሪውም፣ የኳሱም ነገር ተወርቶ አልቋል። ጽሕፈት የማስተምር ሰው ይህን የቆየ ወረቀት ፈልጌ የማነበው ወሬው ስላለቀ ነው። የሆነውን አስቀድሜ ስለማውቅ ልቤ ወደ ውጤቱ አይሮጥም። ጸሐፊው ነገሩን ከየት እንደጀመረው፣ ማንን እንዳነጋገረ፣ ማንን ሳያነጋግር እንደቀረ፣ የትኛውን ቁጥር እንዳስቀደመ ተረጋግቼ አያለሁ።

ማስተማር ብዙ ዓመት ሲዘልቅ መምህሩን ከራሱ ድምፅ ጋር ብቻ ያስቀረዋል። የሚወደውን ዓይነት ዓረፍተ ነገር ያስተምራል፤ ተማሪው እሱን አስመስሎ ይጽፋል፤ መምህሩም የራሱን አነጋገር በተማሪው ደብተር ውስጥ ሲያገኘው ደስ ይለውና ጥሩ ነጥብ ይሰጣል። ከዚህ የሚያወጣኝ ጋዜጣ ነው። ልብ ወለድ ብዙም አያወጣኝም፤ መርጬ የማነበው እኔው ነኝና። ጋዜጣ ግን ያልመረጥኩትን ጉዳይ ያልመረጥኩት ሰው ጽፎት ያመጣልኛል፤ የስንዴ ዋጋ፣ የመሬት ክርክር፣ የጠፋ ሊብሬ፣ የመንገድ ጨረታ፣ የአርባ ቀን መታሰቢያ። አገሩ በምን ቋንቋ እንደሚነጋገር የምሰማው እዚያ ነው። መምህሩ ይህን መስማት ሲያቆም ተማሪዎቹ የሚጽፉት ለእሱ ብቻ ይሆናል።

አማርኛ ማሰሪያ አንቀጹን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል፤ የጋዜጠኛውም ፈተና ከዚሁ ይጀምራል። በብዙ ዜናዎቻችን ውስጥ መጀመሪያ የመሥሪያ ቤቱ ረጅም ስም ይመጣል። ከዚያ የኃላፊው ማዕረግ፣ ከዚያ የስብሰባው ርእስና ቦታ፣ ከዚያ የታቀደው፣ የተጀመረውና ተጠናክሮ የሚቀጥለው ሥራ ይደረደራል። አንባቢው ሰውዬው ምን እንዳደረገ የሚያውቀው አምስተኛው መስመር ላይ ደርሶ ነው። እርሳስ ይዤ የምቀመጠው ለዚህ ነው። የዓረፍተ ነገሩን ባለቤት እከብባለሁ፣ ማሰሪያውን እከብባለሁ፣ በሁለቱ መካከል መስመር አሰምራለሁ። ገጹን ለተማሪዎቼ ሳሳያቸው ማብራሪያ አይፈልጉም፤ የመስመሩ ርዝመት ራሱ ይነግራቸዋል። የስፖርት ገጽ ላይና የችሎት ዘገባ ላይ መስመሮቹ ያጥራሉ። እዚያ የሆነ ነገር አለ፤ አንዱ ሮጦ አሸንፏል፣ አንዱ ተከሶ ቀርቧል። የሚናገሩት ድርጊት ያላቸው ጸሐፊዎች ወደ ማሰሪያቸው ቶሎ ይደርሳሉ።

ወደ ማሰሪያ ቶሎ የመድረስ ልማድ ከጋዜጣ አልፎ ወደ ሥነ ጽሑፋችን ገብቷል። ብርሃኑ ዘሪሁን የ«የኢትዮጵያ ድምፅ»ና የ«አዲስ ዘመን» አዘጋጅ ነበር። በልብ ወለዶቹ ውስጥ የምናደንቀው አጭርና ቀልጣፋ ዓረፍተ ነገር ከጋዜጣ ጠረጴዛ ላይ የተወለደ ነው ብዬ አምናለሁ። በዓሉ ግርማም «መነን»ን፣ «አዲስ ሪፖርተር»ንና «አዲስ ዘመን»ን አዘጋጅቷል። እኔ ግን ከሁሉ አብልጬ የማነሳው የአካባቢያችንን ሰው ጳውሎስ ኞኞን ነው። በ1926 ዓ.ም. ቁልቢ ተወለደ፤ በመደበኛ ትምህርት ብዙም አልገፋም። «አዲስ ዘመን» ላይ በያዘው «አንድ ጥያቄ አለኝ» በተሰኘው ዓምድ አንባቢው የሚጠይቀውን ይጠይቅ፣ እሱ ደግሞ ይመልስ ነበር። ጥያቄው ስለ ፍቅርም፣ ስለ ታሪክም፣ ስለ ሰውነታችንም ሊሆን ይችላል። ጳውሎስ መልስ ሲሰጥ ፊት ለፊቱ አንድ ሰው ተቀምጧል፤ ለዚያ ሰው እንጂ ለአዳራሽ አይናገርም። ክፍል ውስጥ ይህን ዓምድ እንደ መለማመጃ እወስደዋለሁ። አንዱ ተማሪ ከልቡ የሚያስጨንቀውን ጥያቄ ይጽፋል፣ ሌላው በጥቂት ዓረፍተ ነገር ይመልስለታል። መልሱ ያልገባው ጠያቂ እዚያው «አልገባኝም» ይላል። ከእኔ ቀይ እስክሪብቶ ይልቅ የሚያርማቸው ይህ ነው።

ሐረር ራሷ ለጋዜጣ ባዕድ አይደለችም። በአገራችን ከታተሙ የመጀመሪያዎቹ ጋዜጦች አንዱ የሆነው «ለ ሰመር ዴቲዮፒ» እ.ኤ.አ. በ1905 እዚሁ ሐረር፣ በፈረንሳውያን ካቶሊክ ሚሲዮናውያን እጅ ይዘጋጅ ነበር። በ1884 ዓ.ም. ኤጀርሳ ጎሮ ተወልዶ ሐረር ያደገው ተፈሪ መኰንን፣ ኋላ አልጋ ወራሽ ሆኖ በ1917 ዓ.ም. «ብርሃንና ሰላም»ን አስጀመረ። ከእነዚህ ሁሉ በፊት ደግሞ አርተር ራምቦ አለ። ግጥም መጻፍ ትቶ በሐረር ቡናና ቆዳ ሲነግድ የኖረው ይህ ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1887 ካይሮ ይታተም ለነበረ «ለ ቦስፎር ኤጂፕሲየን» ለተባለ ጋዜጣ ረጅም ደብዳቤ ላከ። የጻፈው ስለ ጉዞው ነው፤ ከታጁራ ወደ ሸዋ፣ ከእንጦጦ ወደ ሐረር፣ መንገዱ ስንት ቀን እንደሚፈጅ፣ ምን እንደሚነገድ፣ ምኒልክ ሐረርን እንዴት እንደያዘ። ለቱሪስት የሚነገረው ራምቦ ባለቅኔው ነው። እኔ ግን ለተማሪዎቼ የማቀርበው ይህን ዘጋቢውን ነው፤ በዚያ ደብዳቤ ውስጥ ርቀት፣ ቀን፣ ዋጋና የሰው ስም ቦታ ቦታቸውን ይዘው ተቀምጠዋልና። ባለቅኔ የነበረ ሰው እንዲህ በደረቅ ነገር ሲታመን ማየት ለጀማሪ ጸሐፊ ትልቅ ትምህርት ነው።

የምናነበው ጋዜጣ ስለ ከተማችን ሲጽፍ ያው ጅቡን፣ ግንቡንና ጫቱን ነው የሚያነሳው። ጀጎል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ ወዲህ ይህ በዝቷል። አልቃወምም፤ ቅርሳችን ነው። ነገር ግን አንድ የሐረር ልጅ ስለ ከተማው ጻፍ ሲባል ከጅቡ የሚጀምረው እንግዳ የጻፈውን ስላነበበ ነው። እሱ የሚያውቀው ውሃን ነው።

የሐረማያ ሐይቅን ጉዳይ በየጊዜው ክፍል ውስጥ የማነሳው በዚህ ምክንያት ነው። ለብዙ ዓመታት የሐረር የመጠጥ ውሃ የሚመጣው ከዚያ ሐይቅ ነበር። በ1990ዎቹ ዓ.ም. ሐይቁ ደረቀ። ከተማዋም ውሃዋን ከድሬዳዋ በኩል ከሚገኝ የከርሰ ምድር ጉድጓድ ለማምጣት ተገደደች። ዛሬ የማስተምራቸው ልጆች ያን ጊዜ አልተወለዱም። ከተቀመጡ የጋዜጣ ቁራጮች ሳነብላቸው ምክንያቱን በደንብ ያገኙታል፤ ለጫትና ለአትክልት መስኖ በሞተር የተሳበው ውሃ፣ ከተራቆቱት ኮረብታዎች የወረደው ደለል፣ የከተሞቹ ፍጆታ። ከዚያ ወደ ቤታቸው እልካቸዋለሁ፤ ያን ዘመን ያየ ሰው እንዲጠይቁ። አንዲት ተማሪ ከአያቷ የሰማችውን ጽፋ መጣች። ቤቱ ውስጥ የውሃ አዛዥ አያትየዋ ነበሩ። አንዱ ጀሪካን ለመጠጥና ለወጥ ነው፣ ማንም አይነካውም። ሌላው ለውዱእ ነው። ዕቃ የታጠበበት ደግሞ ሳይደፋ ለግቢ ማጽጃ ይቀመጣል። ልጅቷ የጻፈችው ይህንኑ ነው፣ አንድም «አሳዛኝ» የሚል ቃል ሳትጨምር። ከጋዜጣው ዘገባ ጋር ጎን ለጎን ስናነበው ጋዜጣው ሐይቁ ለምን እንደደረቀ ነገረን፤ የእሷ ጽሑፍ ደግሞ የሐይቅ መድረቅ አንድ ቤት ውስጥ ምን እንደሚመስል አሳየን። ሁለቱን በአንድ ጽሑፍ ውስጥ ማዋሃድ የሚችል ጸሐፊ ማውጣት ነው የምፈልገው። ለዚህ መጀመሪያ ሁለቱንም ማንበብ ያስፈልጋል።

ማንበብ ደግሞ የቋንቋን ጉዳይ ያመጣል። ኤረር በርን ሐረሪዎች አርጎብ በሪ ይሉታል፤ በምሥራቅ በኩል ወደ ኤረር ሸለቆ የሚያወጣው በር ነው። እዚያ ገበያ ላይ ከገጠር የሚመጡት ሴቶች ሸክማቸውን አውርደው በኦሮምኛ ይነግዳሉ፣ ከከተማ የወጣችው እናት ሐረሪ እየተናገረች ትከራከራለች፣ ሒሳቡ ሲጻፍ አማርኛ ይገባል። የክፍሌ ልጆች ከዚህ ነው የሚመጡት። ከእነሱ አንዱ ዓረፍተ ነገሩ ሲሰናከልበት ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ስንፍና አይደለም፤ ሐሳቡን በሌላ ቋንቋ አስቦት ነው። ስለዚህ «አዲስ ዘመን»ንና «ሪፖርተር»ን ብቻ ማንበብ አልበቃኝ አለ፤ የኦሮምኛውን ጋዜጣ «በሪሳ»ንም እያየሁ ነው። «በሪሳ» በ1960ዎቹ መጨረሻ ሲጀመር በግዕዝ ፊደል ይታተም ነበር፣ ከ1983ቱ የመንግሥት ለውጥ በኋላ ወደ ቁቤ ተሻገረ። አንድ ጉዳይ በሁለቱ ቋንቋዎች እንዴት እንደተጻፈ ማስተያየት ኦሮምኛ አፍ መፍቻው ለሆነ ተማሪ ክብር ይሰጠዋል፤ ክፍሉ ውስጥ ከሁላችንም የተሻለ አንባቢ እሱ ይሆናልና።

በ1985 ዓ.ም. የፕሬስ ሕጉ ሲወጣ ከተንጋጋው የግል ጋዜጣ ዛሬ የቀረው ጥቂት ብቻ ነው። የወረቀትና የኅትመት ዋጋም የቀሩትን አመናምኗቸዋል። ልጆቹ የሚያነቡት በቴሌግራም ነው። በስልክ ማንበባቸው አይደለም የሚያሳስበኝ፤ እኔም አነባለሁ። የሚያሳስበኝ ጽሑፉ ከቻናል ወደ ቻናል ሲገለበጥ ቀኑና ቦታው እየረገፈ መምጣቱ ነው። «በከተማዋ» ይላል፣ የትኛዋ? «ትናንት» ይላል፣ የትኛው ትናንት? ስለዚህ አንድ ደንብ አለን። ማንም ተማሪ ክፍል የሚያመጣው ጽሑፍ፣ ከወረቀት የተቆረጠም ይሁን ከስልክ የተገለበጠ፣ ራሱ ላይ ቀን፣ የታተመበት ቦታና የጸሐፊው ስም ይጻፍበታል። ማግኘት ካልቻለ «አላገኘሁም» ብሎ ይጽፋል። መጀመሪያ ላይ ይሰለቻሉ። በኋላ ግን እነሱ ራሳቸው የጻፉት ላይ ቀንና ቦታ ማስቀመጥ ይጀምራሉ፤ ይህን ቃል በቃል አስተምሬያቸው አላውቅም።

የትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ ክበብ ጠዋት ሰልፍ ላይ ዜና ያነባል። በቅርቡ አንድ የክበቡ አባል ዜናውን ከማንበቡ በፊት አሳየኝ። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር በኤረር በር ገበያ የፍሳሽ ችግር መኖሩ ተገለጸ ይላል።

«ማን ነው የገለጸው?» አልኩት።

«ማንም አልገለጸም ቲቸር። እኔ ነኝ ያየሁት።»

«ምን አየህ?»

ዝናብ በጣለ ቁጥር ከላይ የሚወርደው ጎርፍ ቦዩ ስለሚሞላበት ሻጮቹ መቀመጫ ላይ እንደሚፈስ፣ አንዲት የባቢሌ ለውዝ የምትሸጥ ሴት ሁለት ጆንያ እንደራሰባት፣ ያንኑ ቀን በእኩሌታ ዋጋ እንደሸጠችው ነገረኝ። የቀረው ማስቀመጥ ብቻ ነበር። «ተገለጸ»ን ሰረዘና ከሴትየዋ ጀመረ። ሰኞ ጠዋት ሰልፉ ላይ ሲያነበው፣ ከኤረር በር በኩል የሚመጡት ልጆች እርስ በርስ ሲተያዩ አየሁ፤ ሴትየዋን ያውቋታል።

ጽሑፉን ይዞ ሄዶ እንዲያነብላት ነገርኩት። ጋዜጣ ከሚያስተምረኝ ሁሉ ይህን አስበልጣለሁ፤ የተጻፈለት ሰው ያነበዋል፣ ያነበበው ሰው ደግሞ ይናገራል። ሴትየዋ በኦሮምኛ ተርጉሞላት ስትሰማ ሁለት ቦታ ላይ አቋረጠችው። የራሰው አንድ ጆንያ ነው፣ ሁለተኛው የጎረቤቷ ነበር። ዋጋውም እኩሌታ አልነበረም፣ ከዚያም በታች ነው። ልጁ አፍሮ ተመለሰ፤ እኔ ግን ትልልቆቹ ጋዜጦች የእርምት ማስታወቂያ የሚያወጡበትን ገጽ ከፍቼ አሳየሁት። እርምት አጭር ነው። የትኛው ቀን የወጣ ጽሑፍ እንደሆነ ይናገራል፣ ስሕተቱን ይጠቅሳል፣ ትክክለኛውን ያስቀምጣል። በዚያው መልክ ጻፈውና በሚቀጥለው ሰኞ ሰልፉ ፊት ራሱ አነበበው። አሁን የያዘው የቦዩን ጉዳይ ነው፤ መጨረሻ የተጠረገው መቼ እንደሆነ፣ ለዚህም ተጠያቂው ማን እንደሆነ። ቀበሌው ውስጥ ማንን ማነጋገር እንዳለበት አብረን እየፈለግን ነው።