የተደበቀውን ፓምፕ ቤት ከፍቶ ማየት

የግቢ ኩሬ ሠርቶ የሚያስረክብ ሰው ብዙ ጊዜ «ፓምፑ የት እንዳለ እስቲ ፈልጉት» ይላል። እንግዳው ዞሮ ዞሮ ሲያጣው ሥራው አማረ ይባላል። እኔ መደበቁን ብቻውን ሙያ ብዬ አልቆጥረውም፤ ድንጋይ ቆልሎ ቁጥቋጦ መትከል ማንንም አያቅተውም። የምጠይቀው ሌላ ነው፤ ፓምፑ ሌሊት ቢቆም አንድ ሰው ባትሪ ይዞ፣ ምንም ሳያፈርስ፣ ብቻውን ይደርስበታል?

ስለዚህ ከክዳኑ ይጀምሩ። ጥሩ ክዳን የብረት ፍሬም ላይ ስስ ድንጋይ የተለበጠበት ነው፤ ከዙሪያው አይለይም፣ ግን አንድ ሰው ያነሳዋል። ሁለት ጎልማሳ ተጋግዘው የሚያነሱትን የኮንክሪት ክዳን በየሳምንቱ የሚከፍት የለም፤ ማጣሪያውም በቅጠል ይደፈናል።

ሲከፈት ፓምፑን ትተው የግድግዳውን ግርጌ ይመልከቱ። ባለፈው ክረምት ውኃ ገብቶ ከነበረ ልስኑ ላይ ቡናማ መስመር ትቶ ሄዷል። መስመሩ ከሞተሩ መቀመጫ ከፍ ካለ ሌላውን ማየት አያስፈልግም። የሚያውቅበት ሠሪ ወለሉን ወደ አንድ ጥግ አዘንብሎ ከዚያ ማፍሰሻ ያወጣል፤ ፓምፑን ከፍ ያለ መደብ ላይ፣ ከሥሩ ወፍራም ጎማ አድርጎ ያስቀምጠዋል፤ የክዳኑን ጠርዝም የሐምሌ ጎርፍ እንዳይገባበት ከአፈሩ ከፍ ያደርገዋል።

አዲስ አበባ ላይ የቦታው ከፍታም ይታሰባል። ከተማዋ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ፓምፕ ከታች ውኃ የሚስበው በዚሁ ግፊት ነው። በባሕር ወለል በስሌት 10 ሜትር የሚሳበው እዚህ 8 ሜትር አይሞላም፤ በተግባር ከዚያም በብዙ ያንሳል። ከኩሬው ውኃ ወለል ዝቅ ብሎ የተቀመጠ ፓምፕ ሳይ ደስ የሚለኝ ለዚህ ነው፤ ውኃው ራሱ ይደርሰዋል። ከፍ ያለው ግን መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ቧንቧው ባዶ ሆኖ ሊጠብቀው ይችላል፤ ያለ ውኃ የሚሽከረከር ፓምፕ ደግሞ ዕድሜ የለውም። ዝቅ ሲል ግን ከፊቱም ከኋላውም መዝጊያ ቫልቭና ዩኒየን (ተፈትቶ የሚገጠም የቧንቧ ማያያዣ) ግድ ነው። እነዚህ ከሌሉ ፓምፑን ለማውጣት ኩሬው መድረቅ፣ ቧንቧውም መቆረጥ አለበት። እዚህ ላይ የሚቆጥብ ሠሪ ወጪውን ለባለቤቱ አሸጋግሮ ነው የሚሄደው።

አሁን እጅዎን ቧንቧው ግድግዳውን በሚያልፍበት ላይ ያሳርፉ። ግድግዳው የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ቧንቧው በሲሚንቶ ታንቋል፤ ድምፁም ግቢውን ያዳርሳል። ጎበዝ ሠሪ ቀዳዳውን ሰፋ አድርጎ ቧንቧውን በጎማ ይጠቀልለዋል። ኩሬው ዳር ሲቀመጡ መሰማት ያለበት የውኃው ድምፅ ብቻ ነው።

አየር ማስገቢያና ማስወጫው ትይዩ ሆኖ አንዱ ዝቅ፣ አንዱ ከፍ ይበል፤ አይጥ ገመድ እንዳይበላ ወንፊት ሽቦ ይልበስ። ኤሌክትሪክ ሲያፈስ በ30 ሚሊአምፔር የሚቆርጥ መከላከያ ብሬከር ከሌለ ሥራውን አይረከቡ። ቀርከሃም አጠገቡ አይተከል፤ ሥሩ ይስፋፋል።

በመጨረሻ ሠሪው እያየ አትክልተኛውን ማጣሪያውን እንዲያጥብ ይጠይቁት። መፍቻ ፍለጋ ሳይሄድ ፈትቶ፣ አጥቦ፣ መልሶ ከገጠመ ቀሪውን ሂሳብ ይክፈሉ።