የተሸከመውን የማያውቅ ተሸካሚ
(ስለ ሳይበርፐንክ ድርሰትና ስለ ሲኒማው)

በቅኔ ቤት አንድ ጊዜ የተቀኙትን ቅኔ ኹለተኛ አይቀኙትም። ደቀ መዝሙር የመምህሩን ጉባኤ ቃና ቃል በቃል ቢደግም፥ ጆሮው ደኅና ነው ይባላል እንጂ ባለቅኔ ነው አይባልም። መጽሐፍን ወደ ሲኒማ የሚያዞሩ ሰዎች ይህን ሕግ ቢያውቁት ኖሮ ከብዙ ድካም በዳኑ ነበር። ይህን ያሰብሁት በየካ ከሚኖረው ከእኅቴ ልጅ ቤት ተቀምጬ፥ ሳይበርፐንክ ከሚባለው ወገን አራት ፊልሞች ካየሁ በኋላ ነው።

ስሙ ብሩስ ቤትኪ የተባለ አሜሪካዊ በ1983 ካሳተመው አጭር ታሪክ ርእስ የመጣ ነው (ዓመታቱን ኹሉ በፈረንጆች ቍጥር እጽፋለሁ)። የመሣሪያው ጥበብ እጅግ ከፍ ብሎ የሰው ኑሮ እጅግ ዝቅ ያለበትን ዘመን የሚተርክ ድርሰት ነው።

ዊልያም ጊብሰን በ1981 «ጆኒ ኒሞኒክ» የተባለውን አጭር ታሪክ አወጣ። ባለታሪኩ የሌሎችን ምስጢር በራስ ቅሉ ውስጥ አኑሮ በዋጋ የሚያመላልስ ነው፤ የተሸከመውን ግን ራሱ ሊያነበው አይችልም። ሰሙ የመልእክተኛው ሽሽት ነው፤ ወርቁ ግን ዕውቀትን ይዞ ዐዋቂ አለመኾን ነው። አንባቢ ሆይ፥ ይህን ወርቅ ለማግኘት ሩቅ አንሄድም። የግእዙን ዳዊት በቃሉ ያጠና ሕፃን ትርጓሜውን ሳያውቅ መቶ ሃምሳውን መዝሙር ይዞ ይዞራል፤ እኔም አንዱ ነበርሁ። ልዩነቱ ይህ ነው፤ ለእኛ ልጅ ንባቡ ይቀድማል፥ ትርጓሜው ይከተላል። ለጆኒ ግን ትርጓሜው ምንጊዜም የሌላ ሰው ገንዘብ ነው።

በ1995 ሮበርት ሎንጎ ታሪኩን ፊልም አደረገው፤ የፊልሙንም ጽሑፍ ጊብሰን ራሱ ጻፈ። ደራሲው ራሱ ከጻፈው ወርቁ አይጠፋም ብዬ ጠብቄ ነበር። ያየሁት ግን ሩጫና ተኵስ ነው። ለፍርድ ያህል፥ ነጋዴዎቹ ፊልሙን እንደ ገበያው ቈርጠው እንደ ቀጠሉት ይነገራል፤ በ2021ም በጥቍርና ነጭ የተዘጋጀ ሌላ ቅጂ ወጥቷል። ደግሞ ጆኒ 80 ጊጋባይት ተሸክሞ፥ ያንንም ወደ 160 አጥፎ እንደ ተአምር ይነገርለታል፤ ዛሬ በዲያቆኑ ኪስ ያለው ስልክ ያን ያህል ይይዛል። ሰሙ እንዲህ ቶሎ ይቀልጣል። አንድ ነገር ብቻ ልቤን ያዘው። ጆኒ ለሸክሙ ስፍራ ሲፈልግ የልጅነቱን ትዝታ ከራሱ አስወጥቷል፤ እናቱን አያስታውስም። ይህ ከአጭሩ ታሪክ የተገለበጠ ሳይኾን ለፊልሙ በአዲስ የተቈጠረ ነው፤ ከፊልሙም ኹሉ ቅኔ የኾነው እርሱ ነው።

«ብሌድ ራነር» ይህንኑ በይበልጥ ያሳያል። ፊሊፕ ዲክ በ1968 ባሳተመው መጽሐፍ፥ ጦርነት እንስሳትን አብዝቶ ስለ ፈጀ፥ አንድ ሰው በቤቱ ጣራ ላይ የመሣሪያ በግ እያኖረ ጎረቤት እንዳያውቅበት ያፍራል። ሰዎችም የአንድ ሣጥን እጀታ ጨብጠው፥ ድንጋይ እየተወረወረበት ተራራ ከሚወጣ ሽማግሌ ጋር መከራውን ይካፈላሉ። ሪድሊ ስኮት በ1982 ፊልሙን ሲሠራ ይህን ኹሉ ከሞላ ጎደል ጣለው፤ ስሙን እንኳ ከአለን ኖርስ ከሌላ መጽሐፍ ወሰደ። እንደ ትርጕም ብንመረምረው ይወድቃል። ነገር ግን መጽሐፉ «ሰውን ሰው የሚያሰኘው ምንድር ነው?» ብሎ ጠይቆ ርኅራኄ ነው ሲል፥ ፊልሙ በመጽሐፉ የሌለ ነገር አመጣ፤ የሚታደነው ሰው ሠራሽ ፍጡር ሊሞት ሲል አዳኙን ከገደል አፍ ይዞ ያወጣዋል። ይህ በመምህሩ ዜማ ልክ የተቈጠረ የደቀ መዝሙር ቅኔ ነው። ዲክ ፊልሙ ለሕዝብ ከመታየቱ ከጥቂት ወራት በፊት ዐረፈ። ለሽማግሌውና ለተራራው ግን አዝናለሁ፤ አላስፈላጊ ነው ብሎ የሚጥለው መከራን ያልተካፈለ ሰው ነው።

ወደ ሀገራችን ስንመጣ፥ ሚጌል ያንሶ የተባለ እስፓኛዊ ከዳንኤል ታደሰ ጋር ኹለት ፊልሞች ሠርቷል። የ2019ኙ የመድኃኒታችንን ስም በርእሱ ያነሣል፤ ዳንኤልም ወደ ኮምፒዩተር ሕልም ገብቶ «ሶቪየት ኅብረት» የተባለ ቫይረስ የሚያሳድድ ሰላይ ኾኖ፥ ሰዎቹ የወረቀት ጭምብል አጥልቀው ይንቀሳቀሳሉ። ያስቃል፤ ወርቁ ግን ሳስቶብኛል። የ2015ቱ «ክራምብስ» ማለትም «ፍርፋሪ» ግን በአማርኛ የሚነገር፥ ሰላም ተስፋዬም ያለችበት፥ ከዓለም ውድቀት በኋላ ያለ ታሪክ ነው። በዚያ ዘመን የፕላስቲክ መጫወቻ እንደ ዕንቍ ይሸጣል፤ የኳስ ተጫዋቹ የማይክል ጆርዳን ሥዕል በመሠዊያ ስፍራ ቆሞ ይጸለይበታል። መጀመሪያ ተቈጣሁ። ቈይቼ ግን የጆኒን ወርቅ በሌላ ሰም አገኘሁት፤ እነዚያ ሰዎች ትርጓሜው የጠፋባቸውን ንባብ ተሸክመዋል። ያንሶ ይህን ከማንም መጽሐፍ አልገለበጠም፤ ፊልሙ ከሳይበርፐንክ ወሰን ጥቂት ቢወጣም፥ እኔ ከአራቱ የምመርጠው እርሱን ነው።

የእኅቴ ልጅ እንዲህ ያለ ፊልም በአዲስ አበባ መሥራት ይመኛል። ንድፉን ሲያሳየኝ ዝናብና የቀለም መብራት የሞላበት፥ ከውጭ ፊልም የተቀዳ ከተማ ነው። እጁን ይዤ ወደ በረንዳው አወጣሁትና የእንጦጦን ሰንሰለት አሳየሁት። በዚያ ላይ የአንድ ሜትር ስፋት ያላቸው ኹለት ቴሌስኮፖች ቆመዋል፤ በታኅሣሥ 2019 ወደ ሰማይ የወጣችው የመጀመሪያይቱ ሳተላይታችን ምድሪቱን አይታ የላከችው ሥዕልም የተቀበለው በዚያው ነው። በዚያው ተራራ ቍልቍለት እናቶች ለብዙ ዘመን የባሕር ዛፍ ጭራሮ በጀርባቸው አዝለው፥ ጐንበስ ብለው ወርደዋል። እነርሱ የተሸከሙትን ያውቃሉ፤ ሰማዩን ግን ቀና ብለው አያዩም።

ልጁ ዝም አለ። አስቀድሞ በጽሑፍ እንዲያሰናዳው መክሬዋለሁ፤ ሲጨርስ ለዚህ ገጽ እልከዋለሁ።