ሰው የሌለበት ታንክ፦ ስለ አንድ የዳንግላ ሞዴል

አንድን ትልቅ ነገር አሳንሶ መሥራት ከኪነ ጥበብ ጥንታዊ ልማዶች አንዱ ነው። እረኛ ከጭቃ በሬ ሲሠራ፣ ልጅ ከሽቦ መኪና ሲያበጅ፣ የሚያደርጉት ነገር አንድ ነው፤ ከእጃቸው የማይገባውን ነገር እጃቸው በሚችለው መጠን ያደርጉታል፤ በዚህም ያውቁታል፤ ካወቁትም በኋላ ያዙበታል። ይሁን እንጂ ስለ ሥዕል፣ ስለ ቅርጻ ቅርጽና ስለ ቴአትር ብዙ ስንጽፍ፣ ስለዚህ ሙያ የምንጽፈው እምብዛም ነው። እንደ ትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ ብቻ ስለምናየው ሂስ የሚገባው አይመስለንም። ሂስ የማይደርሰው ሙያ ግን፣ እንዳልተገረዘ የቡና ዛፍ፣ ቅጠሉ ይበዛል እንጂ ፍሬው አያምርም። በመሆኑም እዚህ ላይ አንድ የእጅ ሥራ አቅርበን፣ ጥንካሬውንም ድክመቱንም በይዘትና በቅርጽ እንመረምራለን።

ሥራው በዳንግላ ከተማ የሚኖር አንድ መምህር የሠራው የፈረንሳይ ታንክ ሞዴል ነው። ሠሪው ስሙ እንዲጠራ ስላልፈለገ ስሙን ትተን ሥራውን ብቻ እንይ። ታንኩ የእውነተኛው አንድ ሃያኛ ሆኖ ተሠርቷል። እውነተኛው ከነጅራቱ 5 ሜትር ያህል ስለሚረዝም ሞዴሉ 25 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ ቁመቱም ከ11 ሳንቲ ሜትር በጥቂቱ ያነሰ ነው። ጎኑ ከወፍራም ካርቶን፣ ሰንሰለቱ ከዘይት ቆርቆሮ፣ የመድፉ አፈሙዝ ከጃንጥላ ዘንግ የተበጀ ነው። የሪቬቶቹ ራስ ደግሞ በኮላ አንድ በአንድ የተለጠፈ የጤፍ ፍሬ ነው፤ ተለቅ ያሉት ብሎኖች ዳጉሳ ናቸው። ከውጭ አገር በሣጥን ታሽጎ የሚመጣ፣ ተቆርጦና ተለክቶ ያለቀ የፕላስቲክ ሞዴል የለመደ ሰው በዚህ ይስቅ ይሆናል። እኛ ግን አንስቅም፤ ምክንያቱን ወደ ኋላ እንገልጻለን።

ታንኩ ሬኖ ኤፍ ቲ የሚባለው ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በሉዊ ሬኖ ፋብሪካ ተነድፎ ለመጀመሪያ ጊዜ ለውጊያ የተሰለፈው ግንቦት 23 ቀን 1910 ዓ.ም (እ.ኤ.አ. ሜይ 31 ቀን 1918) በፈረንሳይ በሬትዝ ደን አካባቢ ነበር። እስከ ጦርነቱ ፍጻሜ ድረስ ከ3000 በላይ ተሠርቷል። ክብደቱ ከ7 ቶን አይበልጥም፤ የሚይዘውም ሁለት ሰው ብቻ ነው። ከእርሱ በፊት የነበሩት ታንኮች በጎናቸው መድፍ የተሰካባቸው፣ ብዙ ሰው የሚጨናነቅባቸው የብረት ሣጥኖች ነበሩ። ኤፍ ቲ ግን ነጂውን ከፊት፣ ሞተሩን ከኋላ፣ መሣሪያውን ደግሞ ከላይ ዙሪያውን በሚሽከረከር ቆብ ውስጥ አደረገ። ከዚያ ወዲህ የመጡት ታንኮች አብዛኞቹ ይህንኑ አቀማመጥ ተከትለዋል። እንግዲህ መምህሩ የመረጠው ተራ ታንክ አይደለም፤ የታንኮችን ሁሉ መልክ የወሰነውን አባት ነው። ምርጫው በራሱ ዕውቀት ያለበት ምርጫ ነው።

የሥራው የመጀመሪያ ጥንካሬ ልኩ ነው። የእውነተኛው ታንክ የጎን ብረት 16 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት አለው። በአንድ ሃያኛ ሲሰላ አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። ሠሪው ካርቶኑን ለይቶ የመረጠው በዚህ ስሌት ነው፤ ስለዚህም የመስኮቶቹ ጠርዝ ሲታይ ብረት ይመስላል እንጂ የግንብ ግድግዳ አይመስልም። ጤፉም የገባው ለቀልድ አይደለም። ሁለት ሳንቲ ሜትር የሚሆን የሪቬት ራስ በዚህ ልክ ሲወርድ ከጤፍ ፍሬ ጋር ይቀራረባል። ለዕለት እንጀራችን የምናውቀው ፍሬ ለካስ በእጃችን ያለ መለኪያ ኖሯል! የአካባቢ ቁሳቁስ መጠቀም ሲባል ብዙ ጊዜ የምንሰማው እንደ ድህነት ማጽናኛ ነው። እዚህ ግን የአካባቢው ቁሳቁስ ከሌላው የተሻለ ትክክል ሆኖ ተገኝቷል። ያልሳቅነውም ስለዚህ ነው።

ሁለተኛው ጥንካሬ የፊተኛው ትልቁ መንኮራኩር ነው። በመጀመሪያዎቹ ኤፍ ቲዎች ላይ ይህ መንኮራኩር ከተነባበረ እንጨት ተሠርቶ ዙሪያውን በብረት የታሰረ ነበር። መምህሩም በእንጨት ሠርቶ የእንጨቱን መስመር በቀለም ሳይሸፍን ትቶታል። በዘመኑ አዲስ የነበረው የጦር መኪና ከጋሪ ሠሪው ጥበብ ገና ያልተላቀቀ መሆኑን ይህች ክብ እንጨት ትነግረናለች። አንድ ነገር ዘመኑን ሲናገር እንዲህ ነው። ከኋላ የተሰካው ጅራትም ለጌጥ የገባ አይደለም፤ ታንኩ ሰፊ ምሽግ ሲሻገር ወደ ኋላ እንዳይገለበጥ የሚደግፈው ነው። ሠሪው ከታንኩ አካል ጋር ያያዘው ክብደት በሚሸከምበት ቦታ ላይ ስለሆነ፣ ተመልካቹ ሳይነገረው ጥቅሙን ይረዳዋል።

ወደ ድክመቱ እንለፍ። የመጀመሪያው በቆቡ ላይ ይታያል። ኤፍ ቲ በአመዛኙ ሁለት ዓይነት ቆብ ነበረው፤ አንዱ ጠፍጣፋ ብረቶች በሪቬት ተያይዘው ማዕዘን ያበጁለት፣ ሌላው ከቀለጠ ብረት የወጣ ክብ ነው። ማዕዘናማው ብረት ከብረት የሚጋጠምበት ስለሆነ በየማዕዘኑ የሪቬት ረድፍ ይፈልጋል። ከቅልጥ የወጣው ግን በአካሉ ላይ እንዲህ ያለ ረድፍ አያስፈልገውም። መምህሩ ክቡን ቆብ ሠርቶ የማዕዘናማውን ሪቬት ደረደረበት። ጤፉ አንድም ሳይዛነፍ በእኩል ርቀት ተለጥፏል፤ እጁ ድንቅ ነው፤ ነገር ግን ጤፉ የሚይዘው ነገር የለም። ይህ ጥፋት የአንድ ሞዴል ጥፋት ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልተነሣ ነበር። በቅኔ ቤት ምሥጢር የሌለው ቤት እንደሚነቀፍ፣ በቴአትርም ድርጊቱን የማይገፋ ቃለ ተውኔት እንደሚሰረዝ ሁሉ፣ በሞዴል ሥራም ምክንያት የሌለው ዝርዝር ይነቀፋል። ዝርዝር እውነታ የሚሆነው ስለበዛ አይደለም፤ ለምን እዚያ እንዳለ ሲታወቅ ነው።

ሁለተኛው ድክመት በጭቃው ላይ ነው። ሠሪው ታንኩን በአረንጓዴና በቡና ዓይነት ቀለም ከቀባ በኋላ የዳንግላን ቀይ አፈር በኮላ አቡክቶ ከላይ እስከ ታች ረጨው፤ በላዩም ዝገት ጨመረ። ጭቃ ከታች ወደ ላይ የሚወጣ ነገር ነው። ሰንሰለቱ ያነሣዋል፣ ጎኑ ላይ ይረጨዋል፣ ከላይ ያለው ቆብ ግን በአቧራ ይለብሳል እንጂ በጭቃ አይለሰንም። ዝገትም ውኃ የሚቆምበትን፣ ቀለም የተፋቀበትን ቦታ ይመርጣል። ከዚህ የሚበልጠው ጥያቄ ግን ሌላ ነው። በፈረንሳይ ደን የተዋጋ ታንክ የአዊን ቀይ አፈር ከየት አገኘው? ሠሪው ይህን ያደረገው አውቆ ከሆነ ታላቅ ሐሳብ ይዟል፤ ሐሳቡን ግን አልጨረሰውም። ሳያውቅ ያደረገው ከሆነ ደግሞ እጁ ከልቡ ቀድሞ እውነት ተናግሯል። በሁለቱም መንገድ አፈሩ ይጠይቀናል፤ ይህ ታንክ ወደ እኛ አገር በምን በኩል መጣ?

በርግጥም መጥቷል፤ በራሱ ስም ሳይሆን በዘመዱ ስም። ኢጣሊያ ከሬኖ ኤፍ ቲ ንድፍ ተነሥታ ፊያት 3000 የተባለውን ታንክ ሠራች፤ ይኸው ታንክ እ.ኤ.አ. በ1925 ወደ ኢትዮጵያ ገባ። ከ10 ዓመት በኋላ ግን ኢጣሊያ ራሷ ለወረራ ይዛው የመጣችው ዋነኛ ታንክ ሌላ ነበር። ይህም ከ3 ቶን ብዙም የማይበልጥ፣ ሁለት ሰው የሚይዝ፣ ቁመቱ 1 ሜትር ከ30 ሳንቲ ሜትር ያህል የሆነ፣ የሚዞር ቆብ የሌለው ትንሽ ታንክ ነው። መትረየሱ ከፊት ስለተተከለ ዓይኑም ጥርሱም ወደ ፊት ብቻ ነው። ታኅሣሥ 5 ቀን 1928 ዓ.ም በደምበጊና፣ ከጎጃም በተነሣው በልዑል ራስ እምሩ ጦር ውስጥ በፊታውራሪ ሽፈራው የተመራው ግንባር ቀደም ኃይል ይህን ድክመት በዓይኑ አይቶ ተረዳ። ወታደሮቹ መትረየሱ ወደማይደርስበት ወደ ኋላ ዞሩ፤ በታንኮቹ ላይ ወጡ፤ በጦርነቱ መጀመሪያ ከተገኙት ድሎች አንዱ በዚያ ተገኘ። በዚሁ ጦር ዘምተው ኋላም በኢጣሊያ የታሰሩት ሐዲስ ዓለማየሁ የዚያን ዘመን ነገር «ትዝታ» በተሰኘው መጽሐፋቸው ጽፈውልናል። ዳንግላም ከዚህ ታሪክ ውጭ አይደለችም፤ የኢጣሊያ ጦር ከተማዋን ለቆ የወጣው በ1933 ዓ.ም በየካቲት ወር፣ የጎጃም አርበኞች ዙሪያውን ባጠበቡበት ጊዜ ነበር።

እንግዲህ የመምህሩ ሞዴል ላይ የሚንቀሳቀስ አንድ ክፍል ብቻ አለ፤ ቆቡ ነው። በጣት ሲገፋ ዙሪያውን ይዞራል። በደምበጊና የጎጃም ገበሬ ያገኘው ክፍተት ምን እንደነበር ለተማሪ ለማስረዳት ከዚህች እንቅስቃሴ የሚሻል ትምህርት የለም። ከጎኑ በዚያው ልክ 16 ሳንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው፣ ቆብ የሌለው የኢጣሊያ ታንክ ቢቆም፣ አንዱ ወደ ኋላ ማየት ሲችል ሌላው እንደማይችል ልጁ በጣቱ ያውቀዋል። የሠሪው ሐሳብ ያልተጨረሰው እዚህ ላይ ነው ያልነውም ለዚህ ነው። ቀዩ አፈር የሚገባው ለዚያ ለሁለተኛው ታንክ ነበር።

ሦስተኛውና ዋነኛው ድክመት ሰው አለመኖሩ ነው። የሞዴሉ በሮች ሁሉ ተዘግተዋል። የኤፍ ቲ አዛዥ በቆቡ ውስጥ ቆሞ ወይም በተንጠለጠለ ማሰሪያ ላይ ተቀምጦ ብቻውን ያያል፣ ብቻውን ያጎርሳል፣ ብቻውን ይተኩሳል። ሬዲዮ ስለሌለና ሞተሩ ስለሚያደነቁር ከፊቱ በታች የተቀመጠውን ነጂ የሚያዝዘው በእግሩ ትከሻውንና ጀርባውን እየነካ ነው። ሁለት ሰዎች፣ አንድ የብረት ሣጥን፣ ቋንቋቸው እርግጫ! ተውኔት ለሚጽፍ ሰው ከዚህ የበለጠ ትዕይንት ከየት ይመጣል? አንድ በር ገርበብ ብሎ የነጂው ትከሻና የአዛዡ ጫማ ቢታይ፣ አንድ ሺህ ሪቬት የማይናገረውን ይናገር ነበር። ያለ ሰው የተሠራ ሞዴል ልኩም ይጠፋል፤ አሥራ አንድ ሳንቲ ሜትር ትልቅ ይሁን ትንሽ የሚያስታውቀው አጠገቡ የቆመ ሰው ነው።

ይህ ጉድለት የአንድ መምህር ብቻ አይደለም። በአዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ የቆመው የሴባስቶፖል ምስልም ይህንኑ ጥያቄ ያስነሣል። 7 ቶን ያህል የሚመዝነው እውነተኛው መድፍ በጋፋት ተሠርቶ በ1860 ዓ.ም ወደ መቅደላ የወጣው በሰው ጉልበት ነው፤ ጉዞውም ወራት ፈጅቷል። የመድፉ ታሪክ ከተኩሱ ይልቅ በጉዞው ላይ ነው፤ መንገዱን የጠረጉት፣ ገመዱን የጎተቱት ሰዎች ታሪክ ነው። በአደባባዩ ላይ ግን የምናየው የመድፉን ቅርጽ እንጂ ገመዱን የያዘውን እጅ አይደለም። በአንጻሩ የአዊ ሕዝብ ጦርነትን የሚያስታውስበትን መንገድ እንይ። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ በሚያከብረው በዓል ላይ ፈረስ ያለ ፈረሰኛ አይወጣም። መሣሪያና ሰው፣ ጌጥና ተግባር አንድ ላይ ይጋልባሉ። የሞዴል ሠሪዎቻችን ትምህርት ቤት ቅርብ ነው፤ ከሜዳው ላይ አለ።

«የጦር መሣሪያ ምስል መሥራት ጦርነትን ማወደስ አይሆንምን?» የሚል ይኖራል። ጦርነትን ያየ ሕዝብ ይህን ቢጠይቅ አያስወቅሰውም። መልሳችን ግን ይህ ነው፤ መሣሪያን የሚያወድሰው ባዶውን፣ ያጌጠውንና ንጹሑን መሣሪያ ማሳየት ነው። በውስጡ የተጨናነቀውን ሰው፣ ከኋላው የሚመጣውን ባለ ጎራዴ፣ የቀለጠውንና የተሰነጠቀውን ብረት ያሳየ ሞዴል ማንንም አያወድስም፤ ያስረዳል እንጂ። «ለልማት የማይጠቅም ነገር ነው» ለሚለው ደግሞ፣ ስሌትን፣ ንድፍን፣ የቁሳቁስን ጠባይና ታሪክን በአንድ ሥራ የሚያስተምር ሌላ ርካሽ መንገድ ካለ ያመልክተን።

ለማጠቃለል፣ የዳንግላው ሞዴል በልኩና በቁሳቁሱ ምርጫ ለሌሎች አርአያ ሊሆን የሚችል፣ በዝርዝሩ ምክንያትና በሰው አቀራረቡ ግን ገና እርማት የሚሻ ሥራ ነው። መምህሩ ክቡን ቆብ ከጤፉ ቢያጸዳው፣ አንዱን በር ቢከፍተው፣ ከጎኑም የደምበጊናውን ታንክና በላዩ የወጣውን የጎጃም ወታደር ቢያቆም፣ ሥራው ከቤቱ መደርደሪያ ወርዶ ወደ ክፍል መግባት ይችላል። መምህራን ካርቶንና ቆርቆሮ አያጡም፤ ጤፍም በየቤቱ አለ። የሚቀረው ከመለጠፍ በፊት «ይህች ፍሬ ምን ትይዛለች?» ብሎ መጠየቅ ነው።