የዑራ ኪዳነ ምሕረት ሥዕሎች

ከባሕር ዳር በጀልባ በሚደረስበት የዘጌ ባሕረ ገብ ምድር፣ የዑራ ኪዳነ ምሕረት መቅደስ ግድግዳዎች ከላይ እስከ ታች በሥዕል ተሸፍነዋል። «ጀምበር» የተሰኘው የኢትዮጵያ ልዕለ ጀግና ኮሚክ በ2018 እ.ኤ.አ. ከመውጣቱ ብዙ ቀደም ብሎ፣ ተአምረኛ ሰዎችን በተርታ ሥዕል መተረክ እዚህ የበሰለ ሙያ ነበር። ጊዮርጊስ ዘንዶውን ይወጋል፤ ተክለ ሃይማኖት ባለ ክንፍና ባለ አንድ እግር ናቸው፤ ገብረ መንፈስ ቅዱስ በአንበሶችና በነብሮች መካከል ቆመዋል።

ከሁሉም የሚልቀው የበላዔ ሰብእ ታሪክ ነው። ቤተሰቡን ሳይቀር 78 ሰው የበላው ሰው፣ በእመቤታችን ስም ለተጠማ ድኻ ጥርኝ ውኃ ይሰጣል። ሲሞት ነፍሱ በሚዛን ትቀመጣለች፤ የእመቤታችን ጥላ ሲያርፍበት ውኃው ያጋድላል። ያን ሁሉ ሥነ መለኮት በአንድ ሚዛን ማሳየት ትልቅ የትረካ ብልሃት ነው። ክፉውን ከደጉ ለመለየትም ፊደል መቁጠር አያስፈልግም፤ ደጎቹ በሁለት ዓይናቸው ፊት ለፊት ያያሉ፣ ክፉዎቹ በአብዛኛው በጎን ተስለው አንድ ዓይናቸው ብቻ ይታያል።

ይኸው ዘዴ ድክመትም አለው። ሰው ወይ ጻድቅ ወይ ርኩስ ነው፤ ማመንታት በፊት ላይ አይነበብም። ቅደም ተከተሉም ሁልጊዜ ግልጽ ስላልሆነ፣ ታሪኩን የማያውቅ እንግዳ የካህን ወይም የአስጎብኚ ማብራሪያ ያሻዋል። ዘመን ይደባለቃል፤ የጥንት ወታደር ጠመንጃ ቢይዝ ሠዓሊው አይገደውም (ይህን እንደ ጉድለት መቁጠር ግን ይከብዳል)። ይልቅ የሚያሳስበው እርጥበት ነው፤ ሥዕሎቹ የተሳሉበትን፣ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ጨርቅ ያላቅቀዋል።