ሳይጫወቱ መፍረድ፦ ስለ አንድ የቪዲዮ ጨዋታና ስለ ሂስ ተግባር

ሂስ የኪነ ጥበብን ሥራ ከሕዝብ ጋር የሚያገናኝ ድልድይ ነው። ድልድይ ግን መሻገሪያ እንጂ መኖሪያ አይደለም። ብዙው አንባቢ ግምገማውን አንብቦ እዚያው ይቀራል፤ ሥራውን ሳያይ ያወድሳል፣ ሳይመረምር ይኮንናል። በመጽሐፍና በተውኔት ዙሪያ የቆየው ይህ ልማድ አሁን በቪዲዮ ጨዋታ ላይም ጎልቶ ይታያል።

ለዚህ ሁነኛ ምሳሌ የሚሆነው «ሲቪላይዜሽን 6» ነው። የአሜሪካው ፊራክሲስ ኩባንያ በሐምሌ 2012 ዓ.ም. በወጣው ተጨማሪ ክፍል ኢትዮጵያን በጨዋታው ውስጥ አስገብቶ ዳግማዊ ምኒልክን መሪ አድርጎ አቅርቧል። ተጫዋቹ በምኒልክ ስም ከተማ ይቆረቁራል፣ ከአለት የተፈለፈሉ አብያተ ክርስቲያናትን ያንጻል፣ የኦሮሞ ፈረሰኛ ያሰልፋል። በኮረብታ ላይ የቆረቆራቸው ከተሞችም ከሚያፈሩት የእምነት ነጥብ 15 በመቶ የሚያህል ሳይንስና ባህል ያገኛሉ። ቡናም በካርታው ላይ አለ፤ የበቀለበት መሬት የባህል ነጥብ ይጨምራል።

የጨዋታ ገምጋሚዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቁት ይህ ሥርዓት ተጫዋቹን ምን ያህል እንደሚያበረታና ዋጋውን የሚያወጣ መሆን አለመሆኑን ነው። ጥያቄው ለገዢው ተገቢ ነው። የቦንጋ መምህር ጥያቄ ግን ሌላ ሊሆን ይችላል። ቦንጋ ከቀድሞው የከፋ መንግሥት መናገሻዎች አንዷ ነበረች። በ1889 ዓ.ም. የምኒልክ ጦር በራስ ወልደ ጊዮርጊስ አዝማችነት በከፋ ላይ ዘመተ፤ ዘመቻውም በመጨረሻው ንጉሥ በጋኪ ሸሮቾ መማረክ ተደመደመ። ይህን ታሪክ ይዞ ለሚጠይቅ ሰው የገምጋሚው ነጥብ መልስ አይሰጥም።

በሌላ በኩል፣ የምኒልክን ስም ብቻ ሰምቶ ጨዋታው አገር ያኮራል ወይም ታሪክ ያጎድፋል ማለትም ያው ስሕተት ነው። ጨዋታ ከመጽሐፍ የሚለየው ትርጉሙ በተጫዋቹ ውሳኔ ውስጥ በመገኘቱ ነው። ጎረቤትን በጦር ማስገበር ወይም በባህልና በሳይንስ ቀድሞ መገኘት የተጫዋቹ ምርጫ ነው። ዋናው የሂስ ጥያቄም ከዚህ ይነሣል፦ ጨዋታው ማስገበርን ሲፈቅድ ለገበረው ሕዝብ ምን ድምፅ ይሰጠዋል? የተያዘው ከተማ ሕዝብ በቁጥር ይገለጻል፤ ሐዘኑ ግን በቁጥር አይገለጽም። ቡናውም እንዲሁ ነው። በተለመደው አጨዋወት ካርታው በየጊዜው አዲስ ስለሚሠራ፣ ቡና አንድ ጊዜ በወንዝ ዳር፣ ሌላ ጊዜ በደሴት ላይ ይበቅላል። ዩኔስኮ በ2002 ዓ.ም. በባዮስፌር ክልልነት የመዘገበው የከፋ ደንና ደኑን ጠብቆ ያቆየው ገበሬ ግን ከቡናው ተለይተው ይቀራሉ።

እንግዲህ ግምገማ መንገድ መሪ ሊሆን ይገባዋል፤ ፍርዱ ግን ከሥራው ጋር ከተገናኙ በኋላ የሚሰጥ ነው። ኮምፒዩተር ለሁሉም በማይዳረስበት ስፍራ በትምህርት ቤት ክበብ በአንድ መሣሪያ ዙሪያ ተሰብስቦ፣ በየተራ ተጫውቶ መወያየት ይቻላል። የራሱን ሚዛን ያልያዘ አንባቢ ሌላው በመዘነለት ብቻ ይኖራል፤ ታሪኩም ቡናውም በሌላው ሚዛን ይመዘኑበታል።