ስለ ፈትልና ስለ ፈታይ

በቦሌ መንገድ ዳር ባሉት የባህል ልብስ ሱቆች ስለ ጥለቱ ውበትና ስለ ሸማኔው ጥበብ ብዙ ይነገራል፤ ስለ ፈታዪቱ ግን እምብዛም አይወሳም። «ሁሉም የእጅ ሥራ ነው» የሚለው ምስጋናም ሊመረመር ይገባዋል። በዛሬው ሸማ አብዛኛውን ጊዜ ድሩ የፋብሪካ ክር ነው፤ የእንዝርት ፈትል ቢገኝበት በማጉ ላይ ነው። ይህንንም ጣት ይለየዋል፤ የፋብሪካው ክር ውፍረቱ እኩል ሲሆን የእጁ ፈትል አንድ ጊዜ ይቀጥናል፣ አንድ ጊዜ ይወፍራል።

በበግ ጸጉርም ነገሩ ይኸው ነው። ከከተማው በምሥራቅ በኩል ወጥቶ፣ ደብረ ብርሃንን አልፎ መንዝ የደረሰ ሰው ባናውንና በርኖሱን ያደንቃል፤ ጸጉሩ ተሸልቶ በሴቶች እጅ መፈተሉን ግን አያስበውም።

በሰሜን አሜሪካ ምዕራብ ዳርቻ የሚኖሩት ሳሊሽ የተባሉት ሕዝቦች ቀድሞ የውሻ ጸጉር ጭምር ፈትለው ብርድ ልብስ ይሠሩ ነበር። የሴቶቻቸው እንዝርት የተቀረጸ ክብ እንጨት ዛሬ በሙዚየም እንደ ብርቅ ቅርስ ይታያል። የእኛ ሱቆች ግን ሸማውን ሰቅለው እንዝርቱን ይረሳሉ።

ስለዚህ ልብስ የሚገዛም ሆነ ስለ ልብስ የሚጽፍ ሰው፣ ድሩንና ማጉን ማን እንደ ፈተለ አስቀድሞ ይጠይቅ፤ ካልተጠየቀ የፈታዪቱ ድካም በዋጋው ውስጥ አይቆጠርም።