ከወለሉ በታች፦ ኮሎሲየምና የተሰወሩት እጆች

የጥንት ሮማውያን ጨዋታ በተነሣ ቁጥር የገጣሚው የዩቬናሊስ ወቀሳ ይጠቀሳል፤ ሕዝቡ በእህልና በትርኢት ተደልሎ የፖለቲካ ድምፁን ጣለ የሚለው። ወቀሳው እውነትነት አለው። ነገር ግን ዓይናችንን ተመልካቹ ላይ ብቻ ያስቀረዋል፤ ትርኢቱን በጉልበታቸው ያንቀሳቀሱትን ያስረሳናል። ኮሎሲየምን በቅጡ ለመረዳት ከመቀመጫው ወርዶ ወለሉን መመርመር ያስፈልጋል።

ሕንፃውን ያስጀመረው ንጉሠ ነገሥት ቬስፓስያን ነው፤ ልጁ ቲቶ እ.ኤ.አ. በ80 በ100 ቀን ትርኢት መረቀው። ቦታው ቀድሞ የነገሠው ኔሮ ለቤተ መንግሥቱ ያሠራው ሰው ሠራሽ ሐይቅ ነበር። ለአንድ ሰው ደስታ የተከለለ መሬት ለሕዝብ መመለሱ ትልቅ ነገር ነው። የምህንድስናውም ብስለት አያጠራጥርም። ኖራ፣ የእሳተ ገሞራ አመድና የድንጋይ ስባሪ ተቀላቅለው የሰጡት ኮንክሪት መሠረቱን አጸና። ከ80ዎቹ ባለ ቅስት በሮች 76ቱ ቁጥር ስለነበራቸው በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ሳይተራመስ ይገባና ይወጣ ነበር። ፀሐይ ሲበረታ ሚሴኑም በተባለው ወደብ የሰፈረው ባሕር ኃይል መርከበኞች ከተመልካቹ አናት በላይ ሸራ ይዘረጉ ነበር።

ይኸው ሥርዓት ግን ሰውን በማዕረጉ ይደለድላል። ሴናተሮች ከፊት፣ ከኋላቸው ፈረሰኞች የሚባሉት ባለጠጎች፣ ቀጥሎ ተራው ዜጋ፣ ከሜዳው እጅግ ርቀው ከላይ ደግሞ ሴቶችና ድሆች። የዕለት ኑሮው መበላለጥ እዚህ በድንጋይ ተቀርጿል።

ዋናው ምስክር የቲቶ ወንድም ዶሚቲያን ከወለሉ በታች ያሠራው ምድር ቤት ነው። ጠባብ መተላለፊያዎች፣ የአውሬ ማቆያዎች፣ በመዘውርና በገመድ የሚነሡ አሳንሰሮች ነበሩበት። ከሥር ባሮች በጨለማ መዘውሩን ሲገፉ፣ ከላይ አውሬው ከአሸዋው መካከል በድንገት ብቅ ይላል። ተመልካቹ ተአምሩን ያያል እንጂ ላቡን አያይም። ፈጠራው የሰመረውም የሚደክመውን ሰው በመሰወሩ ነው።

በዚያው ዘመን ሌላ ዓይነት መዝገብ ተጽፏል። እ.ኤ.አ. በ97 የሮም ውሃ ኃላፊ ሆኖ የተሾመው ፍሮንቲኑስ፣ የከተማይቱ የውሃ ቦዮች ከግብፅ ፒራሚዶች ይልቅ ለሰው እንደሚጠቅሙ ይከራከራል። ቦዮቹን የሚጠግኑትንም ባሮች ይቆጥራል፦ 240 የመንግሥት፣ 460 የንጉሠ ነገሥቱ። አለቆቻቸው ለግል ሥራ እንደሚያውሏቸውም በቁጭት ያጋልጣል። ባርነትን አልነቀፈም፤ ሆኖም የሠራተኛው ቁጥር ከሥራው ጋር በአንድ መጽሐፍ ተመዝግቦ ደረሰን።

ስለ ሮም ጥበብ የሚጽፍ ሁሉ ቢያንስ ይህን ያህል ሊያደርግ ይገባዋል። ቅስቱን አድንቆ መዘውሩን የገፋውን ያልቆጠረ ታሪክ ጎደሎ ነው።